ያጠፋው ማን ነው?

ነገሩ የጀመረው በቡና ነው። እኛ ቤት፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እሑድ እሑድ ቡና ይቆላል። ቡናው ጠቆር ማለት ሲጀምር የጣሪያው የጭስ ደወል ይጮኻል። እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ በሰፌድ አራግባለሁ፣ ባለቤቴ መስኮት ትከፍታለች፣ ልጆቹ ጆሯቸውን ይይዛሉ። ዕጣኑ ደግሞ ገና አልተጨሰም። ባለፈው ዓመት የሕንፃው አስተዳደር በትሕትና የተጻፈ ደብዳቤ በበራችን ሥር ሸጎጠልን። ደብዳቤው «ምን እያቃጠላችሁ ነው?» አይልም፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ባለቤቴ ሁለቴ አነበበችውና መፍትሔውን አገኘች፦ ዕጣን ዕጣን የሚል ሻማ። ቤቱ ይሸታል፣ ደወሉ ይተኛል።

«እሺ፣ እንግዛ» አልኳት።

«ሃያ ዶላር ለአንድ ሻማ? በሃያ ዶላር እኔ ዐሥር እሠራልሃለሁ።»

ይህች ዓረፍተ ነገር በስደት ዓለም የስንቱን ቤት ኪስ እንዳራገፈች የደረሰበት ያውቃል። ዐሥሩን ሻማ ለመሥራት ሰም ተገዛ፣ ክር ተገዛ፣ ብርጭቆ በካርቶን ተገዛ፣ ቴርሞሜትር ተገዛ፣ የሽታ ዘይት በየዓይነቱ ተገዛ። እኔም ሒሳቡን ስደምር ከርሜ፣ ከወሩ የመኪና ኢንሹራንስ ሲበልጥብኝ መደመሩን ተውኩት።

ሰሙ የአኩሪ አተር ሰም ነው። ዕድሜው አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዮዋ ውስጥ ማይክል ሪቻርድስ የሚባል ሰው የንብ ሰም ዋጋ አልቀመስ ቢለው ፊቱን ወደ አገሩ እርሻ አዞረ። አዮዋ ላይ አኩሪ አተር ማለት ጎጃም ላይ ጤፍ ማለት ነው። ዘይቱ ሃይድሮጂን ሲገባበት ይረጋል፤ ማርጋሪን ለረጅም ጊዜ ሲረጋበት የኖረ ዘዴ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ። እኛ ከንብ ሰም አገር፣ ጧፍ ሲበራበት ከኖረ አገር መጥተን፣ ንብ የተወደደችበት ሰው ያመጣውን ሰም በከረጢት ተሸክመን አራተኛ ፎቅ ወጣን።

የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው። ለብርጭቆ የሚሆነው የአኩሪ አተር ሰም ግን 50 እንኳ ሳይሞላ እጁን ይሰጣል። ብቻህን ቁም ቢሉት ይንጋደዳል። በብርጭቆ የሚኖረውም ለዚህ ነው፤ ዘመድ ቤት እንደ ተቀመጠ ጎረምሳ፣ ግድግዳ ካልደገፈው አይቆምም።

ታዲያ ሰው መጀመሪያ ምን ይሠራል? ሰሙን ያቀልጣል ካላችሁ ተሳስታችኋል። መጀመሪያ ሌብል ያሳትማል። አንድ ሻማ ሳይረጋ ሁለት መቶ ሌብል ታትሞ መጣ። ስሙን አልነግራችሁም፤ ሰምም ወርቅም አለበት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ዓይኗን ሳየው ተረቱን ዋጥኩት።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሻማዎች ማታ ተቀድተው አደሩ። ጠዋት ጩኸት ቀሰቀሰኝ።

«ሻገተ! ና እይ፣ ሻገተ!»

ሻማዎቹ የዳማ ቀለም እንዲመስሉ ቀይ ቀለም ገብቶባቸው ነበር። በብርጭቆው ዙሪያ ነጭ ነገር ወጥቶባቸዋል፤ በኅዳር ማለዳ የደጋ ሣር የሚለብሰውን ውርጭ ይመስላል። ሻማ ሠሪዎችም ውርጭ ነው የሚሉት። ሻጋታ አይደለም፣ ብልሽትም አይደለም። የአትክልት ዘይት ሲረጋ ቀስ እያለ ቅንጣት ይሠራል፤ ያ ቅንጣት ነው ነጭ ሆኖ የሚታየው። ነዶ እንዳያበራ አይከለክለውም፣ ሽታውንም አይነካውም። ቀለም ባይነከር ኖሮ ነጭ በነጭ ላይ ማን ያየው ነበር? ሸኖ ለጋ አንጥሮ በማሰሮ ያስቀመጠ ሰው ቅቤው ቅንጣት ሠርቶ ሲረጋ አይቷል። ቅቤው ሻገተ ብሎ የጮኸ ግን አልሰማንም።

ባለቤቴ ግን ዘመቻ ከፈተች። አንድ ቀን ሰሙን አሙቃ ቀዳችው፤ በማግስቱ አቀዝቅዛ ቀዳችው። ብርጭቆዎቹን በኦቨን አሞቀቻቸው። በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው ይብረዱ ብላ ሻማዎቹን በጋቢ ጠቅልላ አስተኛቻቸው። ጋቢው የእኔ ነው። ያን ሌሊት ሻማዎቹ ሞቋቸው አደሩ፤ እኔ በረደኝ። ጠዋት ጋቢው ሲገለጥ ውርጩ ትንሽ ቀንሷል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ግን ተመልሶ መጣ። አኩሪ አተርን አኩሪ አተር አትሁን ብሎ መለመን ሦስት ሳምንት ፈጀብን። መድኃኒቱ ቀለሙን መተው ነበር።

ውርጩ ሳያልቅ «እርጥቡ» ተተካ። ብርጭቆውን ከውጭ ስታዩት ውስጡ ውኃ የገባበት የሚመስል ጠቆር ያለ ነጠብጣብ አለ። ውኃ የለም። ሰም ሲበርድ ስለሚኮማተር አንዳንድ ቦታ ከብርጭቆው ይላቀቃል፤ የተላቀቀበት ነው እርጥብ የሚመስለው። ብርጭቆውን በደንብ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ለብ አድርጎ መቅዳት ይረዳል። ነገር ግን ያማረ ሆኖ የዋለ ሻማ ሌሊት ቤቱ ሲቀዘቅዝ ነጠብጣቡን ይዞ ያድራል። ለዚህ ባለቤቴ ያገኘችው መድኃኒት ከሁሉ ይበልጣል። ሌብሉን አሰፋችው። እውነቴን ነው፣ ትልቅ ሌብል የማይሸፍነው ነውር የለም፤ ይህ ለሻማ ብቻ የሚሠራም አይመስለኝም።

ወደ ሽታው እንምጣ። ሰሙ የመጣበት ከረጢት ላይ ተጽፏል፦ ሰሙ 185 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 85 ሴልሺየስ ሲደርስ የሽታ ዘይቱ ይጨመር፣ ሁለት ደቂቃ ይማሰል፣ ወደ 135 ፋራናይት ሲወርድ ይቀዳ። ዘይቱ ከሰሙ ክብደት ከ10 በመቶ አይብለጥ። ለአንድ ፓውንድ ሰም፣ ማለትም ለ454 ግራም፣ ቢበዛ 45 ግራም መሆኑ ነው። ሚዛን ያስፈልጋል።

«ወጥ በሚዛን ይሠራል እንዴ?» አለች ባለቤቴ። በርበሬና መከለሻ በዓይኗ ለክታ ሃያ ዓመት ያበላችኝ ሴት ናት፤ ምን እላለሁ? የዕጣኑን ዘይት በዓይኗ ለካችው። ሻማው ረጋ፣ ቀጥሎም አላበው። ላዩ ላይ ጤዛ የመሰለ ጠብታ አቸፈቸፈ። ሰም የሚይዘው ልክ አለው፤ የተረፈውን ይተፋዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ፈርታ አሳነሰችው፤ ሰሙም ቀዝቅዞ ሳለ ስለጨመረችው ዘይቱ ሳይዋሐድ ታች ተኛ።

ሦስተኛው ልክ ሆነ። ግን በተቀዳ በሁለት ሰዓቱ ለኮሰችውና «አይሸትም» ብላ ተቆጣች። የአኩሪ አተር ሰም ሽታው እስኪዋሐደው አንድ ሁለት ሳምንት ተከድኖ መቀመጥ ይፈልጋል። ጠጅ ጥላ ሳይውል ሳያድር ብርሌ የማታነሣ ሴት፣ ሻማ ላይ ሲሆን ምን እንዳጣደፋት አላውቅም። ለነገሩ ቀኑን ሙሉ ዕጣን ሲሸተው የዋለ አፍንጫ ማታ ምስክር አይሆንም፤ ይለምደዋል። እሷ «አይሸትም» ባለችበት ምሽት አንድ ጎረቤታችን ሊፍት ውስጥ አግኝቶኝ «ቤታችሁ ታቦት ገባ እንዴ?» አለኝ።

በዚህ መካከል አንዲት ወዳጃችን ሐሳብ ይዛ መጣች። «እህቴ፣ ላዩ ላይ የቡና ፍሬ በትኝበት፤ ሐበሻነቱ ይታወቅ።» ተበተነ። እውነቱን ለመናገር ሲያዩት ያምራል። እንግዶች ተጠርተው ሻማው ተለኮሰ። ሰሙ ሲቀልጥ ፍሬዎቹ ተንሳፈፉ፣ እየዋኙም ወደ እሳቱ ተጠጉ። ቡና ደግሞ ዘይት አለው። አንዱ ፍሬ ተያያዘ፣ ሁለተኛው ተከተለው፤ አንድ ክር የነበረው ሻማ ባለ አራት ክር ሆነ። እኔ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዤ ሮጥኩ።

«ውኃ አታድርግ!»

ባለቤቴ የድስት ክዳን አምጥታ ከደነችው። ልክ ነበረች። በሚነድ የቀለጠ ሰም ላይ ውኃ ማፍሰስ፣ በጋለ ዘይት ላይ እንደ ማፍሰስ፣ እሳቱን ወደ መጋረጃው መላክ ነው። እሳቱ ጠፋ። በዚያች ቅጽበት ከጣሪያው የምናውቀው ድምፅ ተሰማ። የቡና ጭስ ለመሸሽ በተሠራ ሻማ ላይ ቡና ቆልተን ደወሉን አስጮኽነው። እንግዶቹ አንድ ላይ ወደ ጣሪያው ቀና አሉ፤ እኔም ወንበሬን ስቤ ሰፌዴን አነሣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለ ቡና ፍሬም ሻማው በደንብ አልነድ አለ፤ ምክርም ጎረፈ። ታክሲ የሚነዳው ወዳጄ «ሰሙ ነው፤ ቀይሩት» አለ፤ ሰም በእጁ ነክቶ አያውቅም። አንዷ ብርጭቆውን ጠረጠረች። የባለቤቴ አክስት ከአዲስ አበባ በስልክ ሰምተው «ዓይን ነው ልጄ፤ ሰው እያየሽ አትሥሪ» አሉ። እኔ ደግሞ ባለሙያ ለመምሰል ስለ አየር እርጥበት ተናገርኩ። ባለቤቴ የሁላችንንም ምክር በአንድ ምሽት ተቀበለች። ሰሙን ቀየረች፣ ብርጭቆውን ቀየረች፣ ሙቀቱን ቀየረች፣ ዘይቱን ቀየረች፣ በሩንም ዘጋች። ሻማው ትንሽ ተሻለው። ምኑ አሻለው? አምስት ሐኪም ቤት በአንድ ቀን የዞረ በሽተኛ የትኛው ክኒን እንዳዳነው ይነግራችኋል? በሚቀጥለው ሳምንት መልሶ ሲታመም ወደ የትኛው እንደምትመለስ አላወቀችም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ስለ ክሩ የተናገረ ሰው የለም። ውርጭ ስናይ ጮኽን፣ ነጠብጣብ ስናይ ጮኽን፤ ሁለቱም ጉዳት የሌላቸው የቆዳ ነገር ናቸው። ሻማውን ሻማ የሚያደርገው ክር ግን በቆርቆሮ እግሩ ታች ተጣብቆ፣ መካከል ላይ ቆሞ ያየናል። ክር በውፍረት ይለያያል፤ ለየብርጭቆው ስፋት የየራሱ አለው። ሲቀጥን እሳቱ ይኮሰምናል፤ የራሱን ዙሪያ ብቻ እያቀለጠ ይወርድና በገዛ ሰሙ ይሰጥማል። ሲወፍር እሳቱ ይንቦገቦጋል፣ ብርጭቆው ከልክ በላይ ይግላል፣ ጫፉ ላይ እንጉዳይ የመሰለ ጥቁር ራስ ያበቅላል፣ ጥላሸት ያወጣል።

እኔ ይህን ከማንም በፊት ማወቅ ነበረብኝ። ኩራዝ ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ባዶ ጣሳ፣ ላምባ፣ ከአሮጌ ጨርቅ የተገመደ ክር፤ ማታ በእሱ እናጠናለን፣ ጠዋት አፍንጫችን ውስጡ ጥቁር ነው። ክሩ ሲረዝም ይጨሳል። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም ነበር፤ እናቴ ከወዲያ ሆና «ክሩን ዝቅ አድርገው!» ትላለች፤ እኛም ዝቅ እናደርጋለን። ሜሪላንድ ገብቼ ግን የሻማው ጫፍ እንጉዳይ ሲያበቅል ሳይ፣ ስለ አየር እርጥበት ተነተንኩ። ለካስ ከመለኮስ በፊት ክሩን ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርቶ መቁረጥ ነው ያለበት። የጥፍር መቁረጫ ይበቃዋል።

ባለቤቴ በመጨረሻ ያደረገችውን ላመስግን። ከልጃችን አንድ የሒሳብ ደብተር ቀማች። ሦስት አንድ ዓይነት ብርጭቆ ደረደረች፤ ሰሙም አንድ፣ ዘይቱም አንድ፣ ሙቀቱም አንድ። የተለያየው ክሩ ብቻ ነው፦ ቀጭን፣ መካከለኛ፣ ወፍራም። ሁለት ሳምንት አቆየቻቸው። ከዚያ እኩል ለኮሰቻቸውና ሰዓት ይዛ ተቀመጠች። የብርጭቆው ስፋት ሦስት ኢንች ስለሆነ ሦስት ሰዓት ጠበቀች፤ ለአንድ ኢንች አንድ ሰዓት ነው ልኩ። ቀጭኑ መካከል ላይ ሳንቲም የምታህል ኩሬ ሠርቶ ቀረ። ወፍራሙ እንጉዳይ አበቀለ። መካከለኛው ከዳር እስከ ዳር ቀለጠ። ጻፈችው። ለወራት ስትሮጥ ያላገኘችውን ለሦስት ሰዓት ቁጭ ብላ አገኘችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ልናገር አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት፤ ጋቢዬ ገና መመለሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሻማዋ ሻማ ሆነ። በቤተ ክርስቲያን ባዛር ጠረጴዛ ያዘች። ገበያተኛው ሁሉ አፍንጫውን ብርጭቆው ውስጥ ይከትታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ «ወይ አገሬ!» ይላል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ዓይኑን ይከፍታል። ግን ገዙ። ባለቤቴም ለእያንዳንዱ ትናገራለች፦ «መጀመሪያ ስትለኩሱት ላዩ በሙሉ እስኪቀልጥ አታጥፉት። ከአራት ሰዓት ግን አታስበልጡት። ትታችሁት እንዳትወጡ።» ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል።

በወሩ ስሞታ መጣ። «ሻማሽ ጉድጓድ ቆፈረ» አሉ አንዲት እናት፤ ሲጠየቁ ለካ በየቀኑ ጸሎት እስኪያደርሱ ሩብ ሰዓት ብቻ ነው የሚያበሩት። ሰም ደግሞ የመጀመሪያ ቀኑን አይረሳም። በመጀመሪያው ቀን መካከሉ ብቻ ቀልጦ ከጠፋ፣ በሚቀጥለውም ቀን እሳቱ ያንኑ ክብ ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ዳር ዳሩ ሳይነካ እንደ ግንብ ይቀራል። ሌላዋ ደግሞ ጨርሶ አልለኮሰችውም። ለእንግዳ ብላ ብፌ ውስጥ ከጥሩዎቹ ስኒዎች ጎን አስቀመጠችው፤ ቫኒላ ያለበት ነበርና ሲውል ሲያድር እንደ ሻይ ጠቆረ። «ምን ነካው?» ትላለች። ምንም አልነካውም፤ የሚነካው ነው ያጣው።

እኔ በእነዚህ ሰዎች ከልቤ ሳቅሁ። የኛ ሰው ሲቆጥብ እኮ ዕቃውን ይገድለዋል፤ የሶፋውን ላስቲክ ሳያወልቅ ሶፋው ያረጃል፣ የሪሞቱን ላስቲክ ሳያወልቅ ቴሌቪዥኑ ይሞታል እያልኩ አንድ እራት ሙሉ አወራሁ። ባለቤቴ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ተነሥታ ሳሎን ሄደች፤ የራሳችንን ሻማ፣ ከደብተሩ በኋላ የተሠራውን፣ ባለ መካከለኛ ክሩን፣ ይዛ ተመለሰች።

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ውስጡን አሳየችኝ። መካከሉ ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ አለ። ዙሪያው ያልተነካ ሰም ነው። ክሩ ታች ገብቶ እንደ ጉድጓድ ውኃ ሩቅ ሆኗል።

«ሰሙን መዝኛለሁ» አለች። «ክሩን ለክቻለሁ። ደብተሩ ይኸው። ሁለት ሳምንት ተከድኖ ተቀምጧል።»

ዝም አልኩ።

«ያጠፋው ማን ነው?»

አማርኛ ክፉ ቋንቋ ነው። በአንድ ቃል ሁለት ክስ ይመሠርትባችኋል፤ የቱን እንደምትክዱ ይጠፋችኋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር የምለኩሰው እኔ ነኝ። እንግዳው ጫማውን ሲያስር፣ በሩ ሳይዘጋ፣ እፍ የምለውም እኔ ነኝ። እንዳያልቅ ብዬ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ለሁለቱም።

ባለቤቴ ከኩሽና አሉሚኒየም ፎይል አመጣች። የብርጭቆውን አፍ ዙሪያውን ከደነችው፣ መካከሉን ለእሳቱ ክፍት ተወችው፤ ሙቀቱ ዳር ዳሩን ተመልሶ እንዲያቀልጠው ነው። ለኮሰችውና ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው ሳበችው። ጣሪያው ሥር የምወጣበት ወንበር ነው።

«ሦስት ሰዓት» አለችኝ። «እየጠበቅህ። እፍ እንዳትል።»

ተቀመጥኩ። ደወሉ ዝም ብሏል። ዕጣኑ ቀስ እያለ ይሸታል። ከግንቡ ጫፍ አንዲት ጠብታ ሰም ለመላቀቅ እያመነታች ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ ሁለት ሰዓት ከዐርባ ደቂቃ ይቀረኛል።